በሶብላ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጽጌረዳ ዘይት ውስጥ ሲዘፈዘፉ፦ እርጥቡ ይሻላል ወይስ ደረቁ?

ጥያቄ፦ ከአላሙራ ግርጌ (ሐዋሳ)

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። በግቢዬ ውስጥ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳምና ጥቂት የጽጌረዳ እግሮች አሉኝ። ዝናቡ ሲበረታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚለመልሙ፣ ለወጥና ለቡና ከሚያስፈልገኝ በላይ የሆነውን ለጎረቤት ከማከፋፈል አልፌ፣ መዓዛቸውን ዘይት ውስጥ አስቀርቼ በበጋው ልጠቀምበት አስቤያለሁ። የምፈልገው ሁለት ዓይነት ዘይት ነው። አንደኛው ለምግብ የሚሆን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ያለበት፣ ሰላጣና ፓስታ ላይ እንዲሁም ከሐይቁ በሚመጣው ዓሣ ጥብስ ላይ የሚፈስ ነው። ሁለተኛው ጽጌረዳና ጤና አዳም የገባበት፣ ለፀጉርና ለቆዳ የሚሆን ነው።

ስለ አሠራሩ የሚሰጠው ምክር ግን እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖብኛል። አንዳንዶች ቅጠሉ ገና እንደተቀጠፈ ታጥቦ ጠርሙስ ውስጥ ይግባ፣ ዘይት ይፍሰስበትና ለሳምንታት ፀሐይ ይምታው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ያልደረቀ ነገር ዘይት አጠገብ አይድረስ ብለው ያስጠነቅቃሉ። በፊተኛው ምክር መሠረት የተዘጋጀ አንድ ጠርሙስ የነጭ ሽንኩርትና የበሶብላ ዘይት አሁን ከፊቴ ተቀምጧል። ከላይ ሲታይ ጥርት ያለ ወርቃማ ነው፤ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ግን ከሥሩ ደፍረስ ያለ ስስ ነገር ይንቀሳቀሳል፣ በሽንኩርቱ ፍንካቾች ዙሪያም ጥቃቅን አረፋዎች ተለጥፈዋል። ክዳኑ ሲከፈት ትስ ብሎ ተነፈሰ። ሽታው ደስ የሚል ነው፤ የተበላሸም አይመስልም።

ይህን ዘይት በእሳት አሙቄ መጠቀም እችላለሁ ወይ? ለወደፊቱስ እርጥቡን ልጠቀም ወይስ ደረቁን? በገበያችን ከምናገኛቸው የኑግ፣ የሰሊጥ፣ የሱፍ፣ የወይራና የኮኮናት ዘይቶች መካከልስ ለየትኛው ሥራ የትኛው ይስማማል? የምታውቁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የወጥ ቤት መምህር (ሐዋሳ)

ጠያቂያችን፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና በቅድሚያ ከፊትዎ ስላለው ጠርሙስ ልናገር። እባክዎ አይቅመሱት፤ አሙቀውም ለማዳን አይሞክሩ። እንደተከደነ በፌስታል ጠቅልለው ልጆችና የቤት እንስሳት ከማይደርሱበት ቦታ ያስወግዱት፤ የነካውንም ዕቃ በሳሙና ካጠቡ በኋላ በረኪና ባለበት ውሃ ያለቅልቁት። አረፋውና ትንፋሹ ውስጡ ሕይወት ያለው ነገር እየሠራ መሆኑን ያመለክታሉ። ሽታው ደስ ማለቱ ምንም ነገር አያረጋግጥም፤ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚፈራው መርዝ ሽታም፣ ጣዕምም፣ ቀለምም የለውምና።

አፈር ውስጥ የሚኖር ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ። ስፖር የሚባለው ጠንካራ ዘሩ ከአፈር ጋር በሚነካካ ነገር ሁሉ ላይ፣ በተለይም ከመሬት ተቆፍሮ በሚወጣው ነጭ ሽንኩርት ላይ፣ ሊገኝ ይችላል። ስፖሩን ከነምግቡ ብንውጠው ጤነኛ አዋቂን እምብዛም አይጎዳም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ስፖሩ ነቅቶ አየር በሌለበት ስፍራ ሲራባና መርዝ ሲያመነጭ ነው። ለዚህም የአየር አለመኖር፣ እርጥበት፣ አሲድነቱ ዝቅተኛ የሆነ ምግብ፣ ማለትም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል) ከ4.6 በላይ የሆነ፣ እና ሞቅ ያለ ቦታ ያስፈልጉታል፤ ዘይት በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ተውጦ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ እነዚህን ሁሉ አሟልቶ ያቀርብለታል። ዘይቱ ብቻውን ውሃ ስለሌለው ባክቴሪያ አያሳድግም። ጣጣው ያለው ቅጠሉና ሽንኩርቱ ይዘውት በሚገቡት ውሃ ላይ ነው፤ ከጠርሙስዎ ሥር ደፍርሶ የሚታየውም ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች የወረደ ውሃ ሳይሆን አይቀርም።

«ካፈላሁት ይሞታል» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው ዘንድ ስላለ ጥቂት ልቆይበት። ስፖሩን በእርግጠኝነት ለመግደል በግፊት የተደገፈ የ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ያስፈልጋል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የፈላ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ጠርሙስ ቀኑን ሙሉ ቢውል ከዚያ በላይ አይሞቅም። ዘይቱን ራሱን በቀጥታ እሳት ላይ ብናግለው እንኳ፣ የሽንኩርቱ መሐል ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከውሃ መፍያ እምብዛም አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሽንኩርቱ ያርራል፣ የምንፈልገውም መዓዛ ወደ ምሬት ይለወጣል።

ስጋቱ በመጽሐፍ ብቻ የቀረ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይገባ የቆየ በዘይት የተዘፈዘፈ ክትፍ ነጭ ሽንኩርት የበሉ 36 ሰዎች በቦቱሊዝም፣ ማለትም ይኸው መርዝ በሚያመጣው ሕመም፣ ታመዋል። በ1989 ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት በተመሳሳይ ምክንያት 3 ሰዎች ከታመሙ በኋላ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለገበያ የሚቀርብ እንዲህ ያለ ምርት አሲድ ወይም ሌላ የባክቴሪያ ማገጃ እንዲጨመርበት አስገድዷል። የሕመሙ ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ ምግቡ ከተበላ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም ከበርካታ ቀናት በኋላ ይታያሉ፤ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ የአፍ መድረቅ፣ መዋጥና መናገር መቸገር፣ ከፊት ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ የጡንቻ መዛል ናቸው። ከዚያ ጠርሙስ የቀመሰ ሰው ካለና ከእነዚህ አንዱ ከተሰማው፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ሄዶ ስለ ዘይቱ ጭምር ለሐኪሙ ይንገር።

ወደ አሠራሩ ልመለስ። የእኔ ምርጫ ነጭ ሽንኩርትን መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ዘይት ጨርሶ ማስወጣት ነው። የነጭ ሽንኩርት ዘይት የሚያምረው በዕለቱ ሲሠራ ነው፤ ፍንካቹን በስሱ ቆርጠው በለዘበ እሳት ዘይት ውስጥ ያቆዩት፣ ጠርዙ ወርቃማ መሆን ሲጀምር ያውጡት፣ ዘይቱን ትኩሱን ዓሣው ላይ ያፍስሱት። የተረፈውን ወዲያው ከ4 ዲግሪ በታች በሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጡ እስከ 4 ቀን ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ማቆየት ከፈለጉ በረዶ ቤቱ ውስጥ ያስገቡት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን ፍሪጁ ቀንና ሌሊት አራት ዲግሪ ላይ ይቆያል ብሎ መተማመን ስለማይቻል፣ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ይመረጣል። እርጥብ ቃሪያ፣ እርጥብ ዝንጅብል፣ እርጥብ በሶብላና የሎሚ ልጣጭም በዚሁ ሕግ ይተዳደራሉ።

ለሚቆየው ዘይት የሚሆነው በደንብ የደረቀ ቅጠል ነው። ደረቀ የሚባለው ጠወለገ ማለት አይደለም። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ እንደ ብስኩት መፈርፈር አለበት፤ ግንዱም ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር ይኖርበታል። የሚታጠፍ ከሆነ ውስጡ ገና ውሃ አለ። በዚህ በኩል እድለኞች ነን፤ በሶብላና ኮሰረት ከጥንትም በገበያ የሚሸጡት ደርቀው ነው፣ የጥብስ ቅጠልና ጦስኝም በቀላሉ ይደርቃሉ። ከገበያ የመጣውን ለቅመው፣ አቧራውን አራግፈው ይጠቀሙ እንጂ አጥበው ወዲያው ዘይት ውስጥ አይክተቱት፤ ካጠቡት እንደገና እስኪፈረፈር ድረስ ማድረቅ ግድ ነው። መጠኑ በክብደት አንድ እጅ ደረቅ ቅጠል ለአሥር እጅ ዘይት ቢሆን ይበቃል፤ ለምሳሌ 20 ግራም ደረቅ በሶብላ ለ200 ግራም ዘይት። ቅጠሉ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም የደረቀ በሶብላ ኃይለኛ ነው፤ ያለልክ ከበዛ ዘይቱ እንደ መድኃኒት ይመራል።

መልስ፦ የታቦር ጎረቤት (ሐዋሳ)

ለመምህሩ ማብራሪያ አክብሮት አለኝ፤ ሆኖም ነገሩ ከልክ በላይ የተጋነነ ይመስለኛል። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ነጭ ሽንኩርቱንም፣ ዝንጅብሉንም፣ ኮረሪማውንም፣ በሶብላውንም፣ ኮሰረቱንም ይጨምሩበታል፤ የተነጠረው ቅቤ ከፍሪጅ ውጭ ለወራት ይቀመጣል፣ በዚያ ምክንያት ታመመ የተባለ ሰው በቤታችን ታሪክ ሰምቼ አላውቅም። ዳጣውስ ቢሆን? በእኛ አካባቢ ከማዕድ የማይጠፋው ዳጣ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከእርጥብ ቅመም ተፈጭቶ የሚሠራ አይደለም ወይ? ቅቤም ቅባት ነው፣ ዘይትም ቅባት ነው። ለቅቤው ያልመጣ መርዝ ለዘይቱ ብቻ ለይቶ የሚመጣበት ምክንያት ምንድን ነው? በውጭ አገር ለሚደርሰው ሁሉ እኛ የምንደነግጥበት ጊዜ በዛ።

መልስ፦ የወጥ ቤት መምህር (ሐዋሳ)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ለጉዳዩም ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ራሱ የእናቶቻችን ቅቤ ነው። ጥሬ ቅቤ ከክብደቱ 16 ከመቶ ገደማው ውሃ ነው። ቅቤው እሳት ላይ ሲጣድ የሚንጫጫውና የሚያረፋው ያ ውሃ እየወጣ ስለሆነ ነው፤ ባለሙያዋ ድምፁ እስኪረግብ፣ አረፋው እስኪገፈፍና ቅቤው ጠርቶ የድስቱ ሥር እስኪታይ ድረስ የምትጠብቀው በከንቱ አይደለም። ከሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ የወጣው ውሃም አብሮ ይተናል። ቀጥሎም ታጠልለዋለች፤ ሽንኩርቱም፣ ቅጠሉም፣ ዝቃጩም ማጥለያው ላይ ይቀራሉ፣ ወደ ዕቃው የሚገባው ጥሩ ቅባት ብቻ ነው። ከቅቤው ውስጥ ማንኪያው እርጥብ ሆኖ እንዳይገባ የምትቆጣውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ጠያቂያችን በገለጹት ጠርሙስ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልተደረገም፤ እርጥቡ ሽንኩርት ከነውሃው ዘይት ውስጥ ተቀምጦ ቀርቷል። ልዩነቱ የቅቤና የዘይት አይደለም፤ ውሃው ወጥቷል ወይስ አልወጣም የሚለው ነው።

ዳጣ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ጨው አለበት፣ ሲብላላም የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ያኮመጥጡታል፤ ጨውና ኮምጣጤነት ሁለቱም የምንፈራውን ባክቴሪያ ይገታሉ። ያም ሆኖ ዳጣን ገና ሳይብላላ ላዩ ላይ ዘይት ሞልቶ በጠርሙስ አፍኖ ከፍሪጅ ውጭ ማስቀመጥን እኔ አልመክርም። «ታሞ አላየንም» ስለሚለው፣ ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ የማይከሰት መሆኑ እውነት ነው። ሲከሰት ግን ከሌላ ሕመም ጋር ስለሚምታታ በቀላሉ አይታወቅም፤ በቫንኩቨርም ቢሆን የታመሙት ሰዎች መጀመሪያ ላይ ሌላ ሌላ ስም ተሰጥቷቸው ነበር።

መልስ፦ ባለ አደስ (አዳማ)

ስለ ምግቡ የተባለው በቂ ስለሆነ፣ እኔ የፀጉርና የቆዳ ዘይት ለብዙ ጊዜ ስሠራ ስለቆየሁ በዚያ በኩል ልጨምር።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ጤና አዳሙን ከቆዳ ዘይቱ ያውጡት ነው። ለቡና የማይተካ ቅጠል ነው፤ ለቆዳ ግን ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉበት፣ እነዚህም ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ካገኛቸው እንደ ቃጠሎ ያቀላሉ፣ ውሃ ያስቋጥራሉ፣ ሲድንም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋሉ። ጉዳቱ ወዲያው ሳይሆን አንድ ቀን ያህል ቆይቶ ስለሚታይ ብዙዎች ከቅጠሉ ጋር አያያይዙትም፤ ጉንዳን ነው፣ ሸረሪት ነው እያሉ ሌላ ምክንያት ይፈልጋሉ። በአዳማም በሐዋሳም ያለው የቀትር ፀሐይ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። እርጉዝ ሴት ደግሞ በማናቸውም መልኩ ከጤና አዳም ዘይት ትራቅ። የሎሚ ልጣጭም በቆዳ ላይ ተመሳሳይ ጠባይ አለው።

ጽጌረዳውን በተመለከተ፣ የራስዎ እግር መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ከአበባ ሻጭ የሚገዛውን ጽጌረዳ ለዘይት አይጠቀሙ፤ ለውጭ ገበያ የሚለማው የግሪን ሃውስ አበባ ፀረ ተባይና ፀረ ፈንገስ የሚረጭበት ነው፣ ቅባት ደግሞ ከእነዚህ ኬሚካሎች ብዙዎቹን በሚገባ ይስባል። በዚያ ላይ ከእነዚህ አበቦች ብዙዎቹ የሚመረጡት ለግንዳቸው ርዝመትና በመንገድ ለመቆየታቸው እንጂ ለሽታቸው ስላልሆነ፣ ቢያሸቷቸውም እምብዛም ነገር አያገኙም። የግቢዎ ጽጌረዳ የሚሸት ከሆነ ጠዋት፣ ጤዛው እንደደረቀ፣ ፀሐዩም ሳይበረታ ቅጠፉት። አበባውን ገነጣጥለው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ በጥላ ያድርቁት፤ በቀጥታ ፀሐይ ከደረቀ ቀለሙም ሽታውም ይሄዳል። በእኛ በአዳማ ንፋሱ ማድረቁን ያፋጥነዋል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹን የሚያዞረው ያው ንፋስ ግን አቧራውንም አብሮ ስለሚያመጣ፣ ላዩን ሻሽ ሳይሸፍኑ ውጭ ማስጣት አይቻልም።

ከደረቀ ጽጌረዳ የሚወጣው ሽታ ከገዙት ሽቶ ጋር እንደማይወዳደር ይወቁት፤ ለስለስ ያለ፣ ሻይ ሻይ የሚል ነው። ማጠንከር ከፈለጉ የተዘፈዘፈውን አጥልለው በዚያው ዘይት ላይ አዲስ ደረቅ አበባ ይጨምሩ፣ ደግመውም ያጥልሉ። በፈረንሳይዋ ግራስ ከተማ ሽቶ ሠሪዎች የጃስሚን አበባን በመስታወት ላይ በተቀባ ስብ ላይ እየደረደሩ፣ በየዕለቱ የደከመውን አንስተው አዲስ እየተኩ፣ ስቡ በሽታው እስኪጠግብ ድረስ ይሠሩ ነበር። አደስና አሪቲን ለጋ ቅቤ ውስጥ እያሹ ፀጉር የሚቀቡ የእኛ ሴቶች ይህ አሠራር ብዙም አያስደንቃቸውም። አደስ ደርቆ በዘይት ሲዘፈዘፍ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጽጌረዳ የበለጠ ይሸታል፤ ለፀጉር ዘይት አንዱን ምረጪ ብባል አደስን እመርጣለሁ።

ሙቀቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሰፋ ያለ ድስት ውስጥ ጥቂት ውሃ ጥደው፣ አፉ ላይ የሚገጥም ሳህን ያስቀምጡ፣ ዘይቱንና ደረቁን አበባ ሳህኑ ውስጥ ያድርጉ። ውሃው እንዲፈላ አይተዉት፤ ዘይቱ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ለሦስት ሰዓት ያህል ቢቆይ ይበቃል። ቴርሞሜትር ከሌለ፣ ከድስቱ ሥር ጥቃቅን አረፋ መነሣት ሲጀምር እሳቱን ይቀንሱ። ሳህኑን በክዳን አይክደኑት፤ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ተጠራቅሞ ጠብ ጠብ እያለ ዘይቱ ውስጥ ከገባ ያን ሁሉ ማድረቅ ከንቱ ያደርገዋል። በስስ ጨርቅ ሸፍኑት። ሲበርድ በነጭ ጨርቅ አጥልለው በብርጭቆ ዕቃ ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ከሥር የረጋ ነገር ካለ እሱን ሳይነኩ ላይ ላዩን ብቻ ወደ ጠርሙስ ይገልብጡ። ጠርሙሱ ታጥቦ ፍጹም የደረቀ መሆን አለበት፤ ከአንገቱ ሥር የተደበቀች አንዲት ጠብታ ውሃ ሻጋታ ለማብቀል ትበቃለች።

ፀሐይ ላይ ማስቀመጡን የሚመርጥ ሰው ሙቀቱን ይጠቀም እንጂ ብርሃኑን አይፍቀድለት፤ ብርሃን ዘይትን ያበላሻል። ጠርሙሱን በወረቀት ጠቅልሎ በሞቃት መስኮት አጠገብ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ማቆየት ይቻላል። እኔ ግን በዚህ መንገድ ዘይቱ ገና ሳይጀመር ማርጀት ስለሚጀምር አልወደውም።

ስለ ዘይቶቹ ምርጫ ጠይቀዋል። ኑግ ለምግብ ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው በቶሎ ከአየር ጋር የሚዋሃድ ስብ ስለሚበዛበት ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ዝፍዝፍ አይመረጥም፣ ተራው የሱፍ ዘይትም እንደዚያው። ሰሊጥ በተፈጥሮው መበላሸትን የሚያዘገዩ ንጥረ ነገሮች ስላሉት ይቆያል፣ የራሱ ሽታ ግን ስስ አበባን ይሸፍናል፤ ከአደስና ከጥብስ ቅጠል ጋር ይስማማል። ወይራ ለሁለቱም ሥራ ጥሩ ነው። የሽፈራው ፍሬ ዘይት ካገኙ፣ አብዛኛው ስቡ ኦሌይክ አሲድ ስለሆነ በቀላሉ አይሸትም፣ ለጽጌረዳም ሽታውን አይጋፋበትም። ጉሎ ወፍራም ስለሆነ ለብቻው አይዘፈዝፍም፤ ካለቀ በኋላ ጥቂት ይቀላቀልበታል። ቫይታሚን ኢ ጠብታ የሚጨምሩ አሉ፤ ዘይቱ ቶሎ እንዳይሸት ይረዳል፣ ባክቴሪያንም ሆነ ሻጋታን ግን አይከላከልም። አዲስ ዘይት ሲሠሩ መጀመሪያ በክንድዎ የውስጥ ገጽ ላይ ጥቂት ቀብተው አንድ ቀን ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ከአላሙራ ግርጌ (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠርሙሱ ተወግዷል፣ የቀመሰውም ሰው የለም። ሦስት ነገሮች ቀርተውኛል። አንደኛ፣ ነጭ ሽንኩርቱን በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ ነክሮ ከዚያ ዘይት ውስጥ መክተት ችግሩን ይፈታዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነውን? ሁለተኛ፣ በወንዶ ገነት በኩል ከዕፅዋት ስለሚወጣ ዘይት ሲወራ እሰማለሁ፤ እኛ ከምንዘፈዝፈው ጋር አንድ ነው ወይ? ሦስተኛ፣ ከዚህ ዘይት ለበዓል ስጦታ፣ ቢሳካም ለሽያጭ ማቅረብ ይቻላል?

መልስ፦ የወጥ ቤት መምህር (ሐዋሳ)

አሲድ መፍትሔ መሆኑ እውነት ነው፤ «ትንሽ ሎሚ ጠብ አድርጉበት» በሚለው መልኩ ግን አይደለም። ዘይትና አሲድ ስለማይዋሃዱ ዘይቱ ውስጥ የተጨመረ ሎሚ ለብቻው ከሥር ይቀመጣል፣ ወደ ሽንኩርቱም መሐል አይዘልቅም። የሎሚ አሲድነትም ከፍሬ ፍሬ ይለያያል። የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈትነው ያወጡት አሠራር 3 ከመቶ የሆነ የሲትሪክ አሲድ ውህድ ይጠቀማል፤ 30 ግራም ሲትሪክ አሲድ በ970 ግራም ውሃ ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ከግማሽ ሴንቲሜትር ብዙም በማይበልጥ ቁራጭ ተከትፎ፣ ከክብደቱ ሦስት እጥፍ በሆነ ውህድ ውስጥ ተውጦ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ተንጠፍጥፎ አሥር እጥፍ ዘይት ውስጥ ይገባል። ለቅጠሎቹ ውህዱ አሥር እጥፍ ነው። ይህን ለመሥራት በግራም የሚመዝን ትክክለኛ ሚዛን ያስፈልጋል፣ በማንኪያ ግምት አይሆንም። የተፈተኑትም ነጭ ሽንኩርት፣ ባዚል፣ ኦሬጋኖና የጥብስ ቅጠል ብቻ ናቸው፤ በሶብላችን ከባዚል ጋር ዘመድ ቢሆንም እሱ ራሱ ስላልተፈተነ በዚህ መንገድ አልሞክረውም፤ ደረቁ እያለ ለምን እቸገራለሁ?

ለስጦታ በደረቅ ቅጠል የተሠራውን፣ ተጠልሎ ቅጠሉ የወጣለትን፣ የተሠራበት ቀን የተጻፈበትን መስጠት ይቻላል። ለዓይን እንዲያምር ብለው አንድ ዘለላ እርጥብ የጥብስ ቅጠል ጠርሙሱ ውስጥ አይጨምሩ፤ ይህ በፎቶግራፍ የምናየው ውበት ነው ብዙውን ሰው የሚያሳስተው። በነጭ ሽንኩርት የተሠራን የቤት ዘይት ለሽያጭ ማቅረብን አልደግፍም፤ ሌላውንም ቢሆን ወደ ገበያ ከማውጣትዎ በፊት የሚመለከተውን የምግብ ተቆጣጣሪ አካል መጠየቅ ይኖርብዎታል።

መልስ፦ ባለ አደስ (አዳማ)

ስለ ወንዶ ገነት፣ በዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚሠራ ነው፤ እንደ ጠጅ ሳርና የጥብስ ቅጠል ካሉ ዕፅዋት የሚገኘው የመዓዛ ዘይት በእንፋሎት የሚጣራ ነው። እንፋሎቱ በቅጠሉ መሐል አልፎ መዓዛውን ይዞ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ውሃው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ ይለያል። ከብዙ ቅጠል የሚገኘው በጣም ጥቂት ስለሆነ ጠብታው ብርቱ ነው፤ ሳይበረዝ ቆዳ ላይ አይደረግም፣ በቤትም አይበላም። እኛ የምንዘፈዝፈው ግን በተራ ዘይት ውስጥ የሟሟ ጥቂት መዓዛ ስለሆነ እንዳለ ይቀባል። በአንዱ ፋንታ ሌላውን በተመሳሳይ መጠን መጠቀም ጉዳት አለው፣ ሲገዙም ሻጩ የትኛውን እንደሚሸጥልዎ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የኮኮናት ዘይት ከመረጡ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ጠርሙሱን ነጭ ሆኖ ረግቶ ቢያገኙት አይደናገጡ፤ ከ24 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን መርጋት ጠባዩ ነው፣ ቀን ሲሞቅ ይመለሳል። የሚያሳስበው ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ደመና ሲሠራ፣ ወይም ሲከፈት የቆየ የቀለም ሽታ ሲሸት ነው፤ ያን ጊዜ ለፀጉርም አይሆንም።